«ተመዝኖ ቀለለ»፦ የባቢሎን ግብዣ፣ የቂሮስ ድልና የቤተ መቅደሱ ዕቃዎች

ልጅ ሳለሁ እናቴ አንድ አምባር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ፒያሳ ካለ ወርቅ ቤት ይዛኝ ገባች። አምባሩ ወፍራም ነው፤ ክንድ ላይ ሲታይ የሚያኮራ። ወርቅ ሠሪው ሽማግሌ መነጽራቸውን አስተካከሉና በመስታወት ሣጥን ውስጥ የቆመችውን ትንሽ ሚዛን ከፈቱ። አምባሩን በአንደኛው ሳህን አኖሩ፤ በሌላው ላይ የሚዛን ድንጋይ በወረንጦ እያነሡ መደርደር ጀመሩ። ገና ሁለተኛዋን ሲጨምሩ አምባሩ ያለበት ሳህን ሽቅብ ተነሣ። በትንሽ ድንጋይ ቀየሩት፤ አሁንም ሽቅብ። «ውስጡ ክፍት ነው፣ ልጄ። ተመዝኖ ቀለለ» አሏት፤ እንዳይከፋት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል የሰማሁት ሁልጊዜ ስለ ሰው ሲነገር ነው።

«ቀለል ያለ ሰው» ስንል ማመስገናችን ነው፤ የማይኮራ፣ ከሁሉ የሚግባባ ማለት። «ቀላል ሰው» ስንል ግን ንቀት አለበት። «ተመዝኖ የቀለለ» ከሁለቱም ይለያል። ይህ ሰው አስቀድሞ ከባድ መስሎ የታየ መሆን አለበት፤ ቀጥሎም የሚመዘንበት ቀን መምጣት አለበት። በወንበሩ፣ በሀብቱ ወይም በአንደበቱ ሲከበር የኖረ ሰው አንድ ቀን ዋስ ሁን፣ መስክር፣ አደራ ጠብቅ ይባላል። ያን ጊዜ ከጎደለ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያዩና «ተመዝኖ ቀለለ» ይላሉ። ገና ያልተፈተነን ሰው እንዲህ ማለት አባባሉን ያለ ቦታው ማዋል ነው፤ ሚዛን ላይ ያልወጣ ነገር ቀለለም ከበደም አይባልም።

አባባሉ የመጣው ከትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 ነው። ንጉሡ ብልጣሶር ለሺህ መኳንንቱ ግብዣ አድርጎ ሲጠጣ፣ ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ያመጣቸውን የወርቅና የብር ዕቃዎች አምጡ አለ። መጡለት፤ በእነሱ ጠጡ፤ አማልክታቸውንም አመሰገኑ። በዚያችው ሰዓት የሰው እጅ ጣቶች ወጥተው በመቅረዙ አንጻር በኖራ በተለሰነው ግድግዳ ላይ ጻፉ። የንጉሡ ፊት ተለወጠ፤ ጉልበቶቹም ተብረከረኩ። ጠቢባኑ ማንበብ አቃታቸው። በታልሙድ ውስጥ የአይሁድ ሊቃውንት ለምን እንዳቃታቸው ይከራከራሉ፤ አንዱ ፊደሎቹ ከላይ ወደ ታች ተጽፈው ነበር ሲል፣ ሌላው ቃላቱ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጠው ነበር ይላል። በመጨረሻ ዳንኤል ተጠርቶ አነበበው፦ ማኔ፣ ቴቄል፣ ፋሬስ።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚደናገርበት ነገር አለ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ለዳንኤል የተሰጠው የባቢሎን ስምም ብልጣሶር ነው፣ የንጉሡም ስም ብልጣሶር ነው። በባቢሎን ቋንቋ ግን ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ የእኛ አጻጻፍ እንደ ግሪኩ ሁለቱን አንድ አድርጓቸው ነው።

የሦስቱን ቃላት ፍቺ ስናነብ ከባድ ምሥጢር ይመስሉናል። ለባቢሎን ነጋዴ ግን የየዕለት ቃላት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1886 ክሌርሞን ጋኖ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እንዳመለከተው ሦስቱም የሚዛን ድንጋይ ስሞች ናቸው። ማኔ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ምናን» የምንለው ነው፤ በባቢሎን ልክ 60 ሰቅል፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ። ቴቄል ራሱ ሰቅል ነው፣ 8 ግራም ያህል። ፋሬስ ደግሞ ግማሽ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ የተጻፈው እንግዲህ በገበያ ላይ እንደሚጮኽ ነበር፦ ምናን፣ ሰቅል፣ ግማሽ! ዳንኤል ያደረገው የስሞቹን ግሥ ማውጣት ነው። ማኔ ከመቁጠር፣ ቴቄል ከመመዘን፣ ፋሬስ ከመክፈል። መንግሥትህ ተቆጠረ፤ አንተም በሚዛን ተመዝነህ ቀልለህ ተገኘህ፤ መንግሥትህ ተከፈለ፣ ለሜዶንና ለፋርስ ተሰጠ። «ፋሬስ» እና «ፋርስ» የምዕራፉ ቋንቋ በሆነው በአራማይኩ እንደሚገጥሙ በአማርኛም ይገጥማሉ። በብዙ ቋንቋዎች ትርጉም ላይ የጠፋ ቅኔ ለእኛ ሳይጎድል መድረሱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የአማርኛ ጆሮ ከዚያም አልፎ «ፈረሰ» የሚለውን ይሰማበታል፤ የጽሕፈቱ ፍቺ ይህ ባይሆንም በዚያች ሌሊት ከሆነው ጋር አይጣላም።

ብልጣሶር በእርግጥ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ይነሣ ነበር፤ የግሪክ ጸሐፊዎች የባቢሎን የመጨረሻ ንጉሥ አድርገው አይጠሩትምና። እ.ኤ.አ. በ1854 በዑር ፍርስራሽ ውስጥ የተገኙ የሸክላ ጽሑፎች ግን የንጉሥ ናቦኒዱስ የበኩር ልጅ ብለው በስሙ ጠሩት። አባትየው በዓረብ በረሃ ቴማ በምትባል ከተማ ለአሥር ዓመት ያህል ሲቀመጥ ባቢሎንን የያዘው ልጁ ነበር። ለዚህ ነው ጽሕፈቱን ለሚያነብ ሰው የተሰጠው ተስፋ «በመንግሥት ላይ ሦስተኛ ገዥ» መሆን የሆነው። ሁለተኛው ወንበር የራሱ የብልጣሶር ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚሰጠው አልነበረውም።

የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ያኔ በደጅ ነበር። ከ559 ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ አንሻን የምትባል ትንሽ መንግሥት የያዘ ሰው፣ በ550 ሜዶንን፣ ከዚያም ባለ ወርቁን የልድያ ንጉሥ ክሮይሶስን አሸንፎ ነበር። በ539 መጸው ሠራዊቱ በኦፒስ የባቢሎንን ጦር መታ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በጥቅምት ወር፣ በአዛዡ በኡግባሩ የተመራው ጦር ባቢሎን ያለ ውጊያ ገባ፤ የባቢሎን ዜና መዋዕል እንዲህ ይላል። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ደግሞ ፋርሶች የኤፍራጥስን ውኃ ወደ ሌላ መልሰው በወንዙ ወለል ሲገቡ፣ የከተማዋ ሰዎች በበዓል ሲጨፍሩ እንደነበር ይተርካል። ዳንኤል በዚያች ሌሊት ብልጣሶር ተገደለ ብሎ መንግሥቱን የወሰደውን ሜዶናዊው ዳርዮስ ይለዋል፤ ይህ ዳርዮስ ማን ነው የሚለው እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል። ቂሮስ ራሱ ወደ ከተማዋ የገባው ከጦሩ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው።

አባባሉን ስንናገር የምንረሳው የሚዛኑን ሌላውን ሳህን ይመስለኛል። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል። በትንቢተ ኢሳይያስ 45 እግዚአብሔር ቂሮስን «የቀባሁት» ይለዋል፤ በዕብራይስጡ መሲሕ ማለት ነው። ከእስራኤል ወገን ያልሆነ ንጉሥ በዕብራይስጥ መጻሕፍት በዚህ ስም የተጠራው እርሱ ብቻ ነው። «እረኛዬ» ተብሎም ተጠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1879 በባቢሎን ፍርስራሽ የተገኘውና ዛሬ በለንደኑ የብሪታንያ ቤተ መዘክር ያለው የሸክላ ጥቅል ግን ቂሮስን የመረጠው የባቢሎን አምላክ ማርዱክ ነው ይላል። በየአገሩ የተማረኩ አማልክትን ወደ መቅደሳቸው እንደመለሰም ይናገራል፤ አይሁድን በስም አይጠራም። ይህን ያነበቡ አንዳንድ ሰዎች ቂሮስ ለሁሉም እንዲህ ያደርግ ነበርና ነገሩ ለአይሁድ የተለየ አይደለም ይላሉ። ለእኔ ይህ ታሪኩን አያሳንሰውም። ኢሳይያስ ራሱ «አንተ ግን አላወቅኸኝም» ብሎ ጽፎለታል፤ የማያውቀውን አምላክ ሕዝብ የፈታ ንጉሥ መሆኑን መጽሐፉ አልደበቀም።

የብልጣሶርን መጨረሻ ያመጣው በእነዚያ ዕቃዎች መጠጣቱ ነው፤ ዳንኤልም ያንን ነው በፊቱ የቆጠረለት። ዕቃዎቹ የተማረኩ ቢሆኑም በእጁ የነበሩ አደራ ነበሩ። ናቡከደነፆር በ586 ከክርስቶስ ልደት በፊት ኢየሩሳሌምን ሲያጠፋ ዓምዶቹንና የናሱን ኩሬ ሰባብሮ ወስዷል፤ ስለዚያ ናስ ኤርምያስ 52 ሚዛን የሌለው እንደነበር ይናገራል። ሳይመዘን ሄደ።

ቂሮስ ሲመልስ ግን በቁጥር ነው። ዕዝራ ምዕራፍ 1 የርክክብ ሰነድ ይመስላል። ግምጃ ቤቱን የያዘው ሚትሪዳጡ ዕቃዎቹን አውጥቶ ለይሁዳው መስፍን ለሰሳብሳር ቆጠረለት፦ 30 የወርቅ ሳህን፣ 1,000 የብር ሳህን፣ 29 ቢላዋ፣ ሌላም ሌላም፤ ሁሉም 5,400 ነው። የተዘረዘሩትን ስደምራቸው 2,499 ይሆናሉ፤ ዝርዝሩ ከድምሩ ያንሳል፣ ለምን እንደሆነ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚይዘኝ ግን «ቆጠረ» የሚለው ግሥ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዳንኤል «ማኔ»ን የፈታበት ቃል ይኸው ነው። ያኛው የመንግሥት ፍጻሜ ቆጠራ ነበር፤ ይህኛው የንብረት መመለሻ። ከዕቃዎቹ ጋር ወደ ይሁዳ የተመለሰው ሕዝብ በዕዝራ 2 ቁጥር 42,360 ነው፤ ቤተ መቅደሱም በፋርሱ ንጉሥ በዳርዮስ (በሜዶናዊው አይደለም) ዘመን፣ በ515 ገደማ ተጠናቀቀ።

ከዚያ በኋላ፣ በሌላው የፋርስ ንጉሥ በአርጤክስስ ዘመን፣ ካህኑ ዕዝራ ሌላ ጉዞ መርቶ ከባቢሎን ወጣ። በአኅዋ ወንዝ አጠገብ ብሩንና ወርቁን ዕቃውንም ለአሥራ ሁለት የካህናት አለቆች መዝኖ ሰጣቸው፤ 650 መክሊት ብር፣ 100 መክሊት ወርቅ። በኢየሩሳሌም እስክትመዝኑት ድረስ ጠብቁ አላቸው። መንገዱ ወራት ይፈጃል፤ ሽፍታም ነበረበት፤ ዕዝራ ስለ እግዚአብሔር እጅ ለንጉሡ ተናግሮ ስለነበር ጭፍራ መለመን አፍሮ ነበር። ኢየሩሳሌም ደርሰው ሦስት ቀን ዐረፉ። በአራተኛው ቀን በአምላካቸው ቤት ሚዛኑ ተሰቀለ፤ ሁሉም በቁጥርና በሚዛን ተመዘነ፣ ክብደቱም ሁሉ ተጻፈ።