ከስትሮክ በኋላ የሚሠራ ዮጋ ምንድን ነው?

ዮጋ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን በአንድ እግሩ የቆመ ወጣት ነው። ከስትሮክ በኋላ የሚሠራው ግን በአብዛኛው ወንበር ላይ ነው። ከትንፋሽ ጋር የሚሄድ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ነው። ዋናው ቁም ነገር መተጣጠፉ አይደለም። የደከመው ጎን እንደገና ክብደት መሸከም እንዲለምድ ነው።

ስትሮክ የአንጎል ደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ይመጣል። ጉዳቱ በአንጎል ግራ በኩል ከሆነ የሚደክመው በአብዛኛው ቀኝ ጎን ነው። ታማሚው ሳያስበው ክብደቱን ሁሉ በደህናው እግር ላይ ይጥላል። ትከሻው ያዘነብላል፣ ወገቡ ይጣመማል። ሐዋሳ ላይ ባጃጅ ውስጥ ለመግባት እንኳ አንድ እግር ለቅጽበት መላ ሰውነትን መሸከም አለበት። አንዴ የወደቀ ሰው ይህን ይፈራል፣ ቤት ይውላል፣ ሲውል ደግሞ ይብሱን ይደክማል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ። አየር ሲያስገቡ ጀርባን ቀና ማድረግ፣ ሲያስወጡ ቀስ ብሎ ወደ ደከመው ጎን ማዘንበል፣ ከዚያ ወደ መሃል መመለስ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ መመለስ ነው፤ አንጎል መሃሉ የት እንደሆነ የሚማረው በዚህ ነው። ሲበረቱ ጠረጴዛ ይዞ በመቆም ይቀጥላል።

የፕላስቲክ ወንበር ስለሚንሸራተት የእንጨት ወንበር ግድግዳ ላይ አስደግፉ። የቡና በርጩማ አይሆንም፤ ጀርባ ያጎብጣል፣ ለመነሳትም ያስቸግራል። ረዳቱ በደከመው በኩል ይቁም። እባካችሁ የደከመውን እጅ ጎትታችሁ አታንሱ! ትከሻው ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ሙከራ 47 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ለ8 ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለቴ ዮጋ የሠሩት ሚዛናቸው ተሻሽሏል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ ግን ያገኘው ሁለት ጥናቶችን፣ 72 ሰዎችን ብቻ ስለነበር ማስረጃው ገና በቂ አይደለም ብሏል። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒን አይተካም፤ ከጎኑ የሚሄድ ነው።

«ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጫል» ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። ሥሩ ሕንድ ነው። ለሚዛን የሚፈለገው ግን ትንፋሹና እንቅስቃሴው ብቻ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙን ወይም ፊዚዮቴራፒስቱን አማክሩ። ደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሹን አይያዝ፣ ጭንቅላቱንም ወደ ታች አይድፋ። ካዞረው ወዲያው ያቁም። ፊቱ በድንገት ከተጣመመ ወይም አንደበቱ ከተሳሰረ ግን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።