የኤሲ ኢንዳክሽን ሞተርን ኮምፒውተር ላይ ማስነሳት

ኢንዳክሽን ሞተር ሲያዩት ምንም የተወሳሰበ ነገር ያለው አይመስልም። ስቴተሩ (የማይንቀሳቀሰው ክፍል) ላይ የሦስት ፌዝ ጥቅል አለ፣ መሃል ላይ ሮተር ይሽከረከራል፤ በስኩዊረል ኬጅ ዓይነቱ (ሮተሩ ከብረታ ብረት ባሮች እንደ ጎጆ በተሠራበት) ደግሞ ሮተሩን የሚነካ ሽቦ እንኳ የለም። ሒሳቡ ጋ ሲመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። በስቴተርና በሮተር መካከል ያለው ኢንዳክታንስ (የአንዱ ጅረት ሲለወጥ በሌላው ላይ ቮልቴጅ የሚፈጥርበት መጠን) ሮተሩ በዞረ ቁጥር ይለዋወጣል፤ እኩልታዎቹን በእጅ መፍታት ራስ ያዞራል።

መላ የተገኘው ሮበርት ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1929 ለሲንክሮነስ ማሽን (ሮተሩ ከመግነጢሳዊ መስኩ ጋር እኩል ለሚዞር) ካቀረበው ዘዴ ነው። ሦስቱ ፌዞች ዲ እና ኪው በሚባሉ ሁለት ዘንጎች ይተካሉ፤ ይለዋወጥ የነበረው ኢንዳክታንስም ቋሚ ቁጥር ይሆናል። ዘዴው ኋላ ላይ ለኢንዳክሽን ሞተርም ዋለ። ዛሬ በሲሙሊንክ፣ በፒሲም፣ በፕሌክስ ወይም በነፃ በሚገኘው ኦፕንሞዴሊካ (ሁሉም የሲሙሌሽን፣ ማለትም ሞተርን ኮምፒውተር ላይ የማስመሰል፣ ሶፍትዌሮች ናቸው) ውስጥ የሞተር ብሎክ ሲጎትቱ፣ ከጀርባው የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ሒሳብ ነው።

ባለ 4 ፖል (መግነጢሳዊ ዋልታ) ሞተር 50 ኸርዝ ላይ በቀጥታ ይነሳ እንበል። ጅረቱ ወዲያው ይተኮሳል፤ ከመደበኛው ከ5 እስከ 8 እጥፍ መድረሱ የተለመደ ነው። ቶርኩ (የማዞር ጉልበቱ) ደግሞ በ50 ኸርዝ ይወዛወዛል፣ አንዳንዴም ለቅጽበት ከዜሮ በታች ይወርዳል። በወረቀት የሚሠራው የቋሚ ሁኔታ ሰርኪዩት ይህን ውዝዋዜ ጨርሶ አያሳይም። ሲሙሌሽን የሚያስፈልገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከዚያ ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 1500 ዙር ይጠጋል። ጭነት ሲገባ ወደ 1440 ቢወርድ ስሊፑ (ከ1500 ወደ ኋላ የቀረበት መጠን) 4 በመቶ ነው ማለት ነው።

ጀማሪ እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ ይገጥመዋል። ብዙ ሶፍትዌር የሚጠይቀው የፖል ብዛት ሳይሆን የፖል ጥንድ ነው። 2 መግባት ሲገባው 4 ከገባ ሞተሩ 750 ዙር አካባቢ ላይ ይቀራል፤ ሰውየው ግን ስህተቱን ቮልቴጁ ላይ ሲፈልግ ይውላል። ሁለተኛው፣ ፍጥነቱ በራዲያን በሰከንድ ሲወጣ ነው። ስክሪኑ ላይ 157 ቢታይ ሞተሩ አልደከመም፤ 1500 ዙር ማለት ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ብሎኮቹን ማገናኘት አይደለም፤ ቁጥሮቹን ማግኘት ነው። ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ኃይሉን፣ ቮልቴጁን፣ ጅረቱን፣ ዙሩን ይነግራል። የሮተሩን ሬዚስታንስ ግን አይነግርም። እሱ የሚገኘው በሙከራ ነው፦ የስቴተሩን ሬዚስታንስ በዲሲ መለካት፣ ሞተሩን ያለ ጭነት ማስኬድ፣ ሮተሩን ቆልፎ በዝቅተኛ ቮልቴጅ መሞከር። ሮተሩ ተቆልፎ በ50 ኸርዝ ሲለካ፣ በባሮቹ ውስጥ ያለው ጅረት ወደ ላይኛው ጠርዝ ይገፋል፤ ሬዚስታንሱም ከፍ ይላል። ሞተሩ በ4 በመቶ ስሊፕ ሲሮጥ ግን ሮተሩ የሚያየው 2 ኸርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የሬዚስታንስ ቁጥር ለመነሻውም ለሩጫውም አይበቃም። የተቆለፈ ሮተር ሙከራ ከመደበኛው ሩብ ገደማ በሆነ ፍሪኩዌንሲ እንዲደረግ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ሙቀቱም አይረሳ፤ የመዳብ ሙቀት በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢጨምር ሬዚስታንሱ 30 በመቶ ያህል ይጨምራል። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተለካ ቁጥር አስገብቶ «ሲሙሌሽኑ ዋሸኝ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ኢንቨርተር (ለሞተሩ የሚሰጠውን ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ የሚቀይር መሣሪያ) ሲጨመር የጊዜ እርምጃው፣ ማለትም ስሌቱ በየስንት ጊዜው እንደሚሠራ፣ ወሳኝ ይሆናል። ትራንዚስተሮቹ በ10 ኪሎ ኸርዝ ቢቀያየሩ አንዱ ዑደት 100 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ 50 ማይክሮ ሰከንድ እየዘለለ የሚሄድ ስሌት ምንም አይጨብጥም። ቮልቴጁ ከፍሪኩዌንሲው ጋር እኩል እንዲወርድ ሲደረግ፣ 400 ቮልት በ50 ኸርዝ የሚወስደው ሞተር በ25 ኸርዝ 200 ቮልት ያገኛል። በጣም ዝቅ ሲባል ግን የስቴተሩ ሬዚስታንስ ቮልቴጁን ይበላዋል፣ ቶርኩም ይከዳል። እዚያ ጋ ትንሽ ቮልቴጅ መደጎም ያስፈልጋል፤ መጠኑን መሣሪያ ሳያቃጥሉ መሞከር ደግሞ ስክሪን ላይ ይቀላል።

የዲ-ኪው ሞዴል በተለመደ መልኩ የብረቱን መጥገብ (ጅረት ቢጨምርም መግነጢሱ ብዙ አለመጨመሩን) እና በብረቱ ውስጥ በሙቀት የሚባክነውን ኃይል አያይም። የስቴተሩንና የሮተሩን ጥርሶች ቅርጽ ማየት የፈለገ ወደ ፋይናይት ኤለመንት (ማሽኑን በጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ ወደሚያሰላ ዘዴ) ይሄዳል፤ ኤፍኢኤምኤም ለዚህ በነፃ ይገኛል፣ አንሲስ ማክስዌል ደግሞ በክፍያ። ዲ-ኪው በሰከንዶች የሚጨርሰውን እነዚህ ሰዓታት ሊፈጁበት ይችላሉ። ስለዚህ ብዙ መሐንዲሶች ኢንዳክታንሱን ከፋይናይት ኤለመንት ያወጡና ቁጥጥሩን በዲ-ኪው ይፈትሻሉ።