የሰው ውድ ሳንቲም እጅ ሲገባ፦ ርክክብ፣ አደራና ክርክር

የሌላ ሰው ውድ ሳንቲም እጃችን የሚገባበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ ገምትልኝ ብሎ ያመጣል። ሌላው አሽጥልኝ ይላል። ሌላው ፎቶ አንሳልኝ፣ ወይም ለምርመራ ድርጅት ላክልኝ ይላል። ሙዚየምም ለኤግዚቢሽን ይዋሳል። ጠቡ ግን ዞሮ ዞሮ ያው ነው፦ «የሰጠሁህ ይሄ አይደለም»፣ «ይሄ ጭረት አልነበረበትም»፣ «አምስት ሰጥቼህ አራት መለስክ»፣ «ሐሰተኛ ነው ብለህ አስጣልከኝ»። ጉዳዩን በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስላላገኘሁት ያለኝን ላሰባስብ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቆየው ዘመን

የሮማውያን ሕግ ነገሩን ቀድሞ ገብቶት ነበር። ገንዘብ በታሸገ ከረጢት በአደራ ከተሰጠ፣ ተቀባዩ ያንኑ ራሱን መመለስ አለበት። ተቆጥሮ ሳይታሸግ ከተሰጠ ግን ያንኑ መጠን ቢመልስ ይበቃዋል። ለሰብሳቢ ሁለተኛው መንገድ መዓት ነው፤ ዋጋው ያለው በዚያችው በአንዷ ሳንቲም ላይ ነዋ።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዞች አዲስ ከተመቱ ሳንቲሞች ናሙና በሣጥን ቆልፈው በገለልተኛ ዳኞች ያስመረምሩ ነበር። ልማዱ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስካሁን አለ።

1722 ላይ ለንደን ውስጥ የተወሰነ አንድ ፍርድ ግን ስለ ሳንቲም ባይሆንም ለእኛ ሥራ ከሁሉ የቀረበ ነው። የጭስ ማውጫ ጠራጊ የሆነ ልጅ ጌጥ አግኝቶ ለማስገመት ወርቅ ሠሪ ቤት ይወስደዋል። ተለማማጁ የሚመዝን መስሎ ድንጋዮቹን ያወጣና ባዶ ማቀፊያውን ይመልስለታል። ፍርድ ቤቱ ከሕዝብ ለተመረጡት ፈራጆች (ለጁሪው) ያለው ይህን ነው፦ ተከሳሹ ወርቅ ሠሪ ድንጋዩን አምጥቶ ካላሳየ፣ ለዚያ ማቀፊያ የሚሆነው ምርጥ ድንጋይ እንደነበረ ቁጠሩ። እንግዲህ ማስረጃ ሳይዝ ዕቃ የተቀበለ ሰው ጥርጣሬው ሁሉ በራሱ ላይ ሊዞር ይችላል ማለት ነው።

የደረጃ ዘመን

1949 ላይ ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ለትልልቆቹ የድሮ የአሜሪካ የመዳብ ሴንቶች (የዶላር መቶኛ ሳንቲሞች) የሳንቲሙን ይዞታ ደረጃ የሚያሳይ፣ ከ1 እስከ 70 የሚሄድ መለኪያ አወጣ። ዛሬ የዓለም ሰብሳቢ በብዛት የሚጠቀመው ከዚያ የተወለደውን ነው። ጉድ የሚባለው ቀጥሎ ያለው ነው። ሼልደን የአሜሪካ ኑሚስማቲክ ሶሳይቲ የተባለውን የሳንቲም ጥናት ማኅበር ስብስብ የማየት ዕድል ነበረው፤ በዚያ አጋጣሚ የማኅበሩን ጥሩ ሴንቶች በራሱ ደካማ ሴንቶች እየቀየረ ወስዷል። ቁጥሩ ስላልጎደለ ማንም አልጠረጠረም። ሰውየው 1977 ላይ ሞተ፤ ነገሩ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ ሳንቲሞቹ ከድሮ ፎቶዎች ጋር ሲመሳከሩ ነው። ማኅበሩ የሼልደንን ሴንቶች ከገዛው ሰው ጋር የገጠመው ክርክር ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ደረሰ። 1996 ላይ ይግባኝ ሰሚው የይርጋው ጊዜ የሚቆጠረው ስርቆቱ ከተፈጸመበት ቀን ሳይሆን ባለቤቱ ዕቃው በማን እጅ እንዳለ ካወቀበት ቀን ነው አለ። ማኅበሩን አንዳንዶች ተዝረክርኳል ብለው ይወቅሱታል። እኔ ግን ፎቶና መዝገብ ጠብቆ ባያቆይ ኖሮ አንዷም ሳንቲም ባልታወቀች ነበር እላለሁ።

ከ1986 በፊት ደረጃ የሚወጣው በአብዛኛው በሻጭና በገዢ አፍ ነበር። ሲገዛ ዝቅ፣ ሲሸጥ ከፍ። ሌላው ማኅበር፣ የአሜሪካ ኑሚስማቲክ አሶሴሽን፣ 1972 ላይ የማረጋገጫ አገልግሎት ጀምሮ ነበር፤ ገበያው የተለወጠው ግን ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉት የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች፣ የመጀመሪያው 1986 ላይ፣ ሁለተኛው 1987 ላይ፣ ሥራ ሲጀምሩ ነው። ሳንቲሙ ተመርምሮ፣ ደረጃና ቁጥር ተሰጥቶት በፕላስቲክ ይታሸጋል። ቁጥሩ እንደ ሰሌዳ ስለሆነ «የእኔ አይደለም» የሚለው ጠብ በጣም ቀነሰ። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ማሸጊያውም ፎርጅድ ይሠራለታል፣ አንዳንዱም ከፍ ያለ ደረጃ ፈልጎ ሰብሮ እንደገና ያስመረምራል። የታሸገ ሳንቲም ስትረከቡ ቁጥሩን ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገቡና ፎቶ ካለ አመሳክሩ፤ ፕላስቲኩ ላይ ያለውን ስንጥቅም መዝግቡ።

ባለሙያ ይሳሳታል። 1913 የሚል ዓመት ካለባቸው ሊበርቲ ኒኬል ከሚባሉት የአሜሪካ ባለ አምስት ሴንት ሳንቲሞች የሚታወቁት አምስት ብቻ ናቸው። የአንዱ ባለቤት 1962 ላይ በመኪና አደጋ ሲሞት ሳንቲሙ «ዓመቱ ተነካክቷል፣ ሐሰተኛ ነው» ተብሎ ለቤተሰቡ ተመለሰ። አርባ ዓመት ገደማ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። 2003 ላይ ከሌሎቹ አራት ሳንቲሞች አጠገብ አስቀምጠው ሲያዩት እውነተኛ ሆነ፤ 2013 ላይ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ስለዚህ ሐሰተኛ የምትሉትንም ቢሆን «በእኔ አስተያየት» ብላችሁ ጻፉ፤ ያንኑ ሳንቲም ሳትነኩ መልሱ።

ሌላው ከባድ ጉዳይ የ1933ቱ የአሜሪካ የ20 ዶላር ወርቅ ሳንቲም ነው። አንድ ቤተሰብ አሥር ፍሬ አግኝቶ 2004 ላይ እውነተኛነታቸው እንዲረጋገጥ ለአሜሪካ መንግሥት የሳንቲም ማምረቻ ሰጠ። መብታችን እንደተጠበቀ ነው ብለው አስታውቀውም ነበር። መንግሥት የተሰረቁ የእኔ ንብረቶች ናቸው ብሎ አስቀራቸው። 2011 ላይ ጁሪው ለመንግሥት ፈረደ፣ 2015 ላይ ይግባኝ ሰሚው ለቤተሰቡ አዘነበለ፣ 2016 ላይ ሙሉ ችሎቱ መልሶ ለመንግሥት ወሰነ። ማን ልክ ነበር በሚለው ሰብሳቢዎች እስካሁን አይስማሙም። ሳንቲሙ ላይ የራሱ ጥያቄ ሊኖረው ለሚችል አካል ለምርመራ መስጠት ግን አያዋጣም።

ርክክቡ እንዴት ይሁን

ባለቤቱ ፊት፣ ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ፣ ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ተነጥፎ። በአንድ ጊዜ የአንድ ሰው ዕቃ ብቻ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፤ የሁለት ሰው ሳንቲም የሚደባለቀው ሁልጊዜ «ለአፍታ ነው» ሲባል ነው። አብራችሁ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። ሁለቱን ገጽና ጠርዙን ፎቶ አንሱ፤ አንዱ ፎቶ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይሁን፣ ጭረት የሚታየው ያኔ ነው። ክብደቱን እስከ መቶኛ ግራም፣ ስፋቱንም በሚሊሜትር ጻፉ።

«አንድ የድሮ ብር» የሚል ደረሰኝ ከባዶ ወረቀት አይሻልም። የማሪያ ቴሬዛን ብር ውሰዱ። ከንግሥቲቱ ሞት በኋላ የተመቱት ሁሉ ላይ 1780 ተጽፏል፣ ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ ንጹሕ ብሩ ከሺህ እጅ 833 ነው። ነገር ግን ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይና ሌሎችም ቦታዎች ተመትቷል፤ በንስሩ ላባ፣ በዘውዱና በጠርዙ ጽሑፍ ዝርዝር ይለያያል። አንዱ ብርቅ ነው፣ ሌላው የብሩን ዋጋ ብቻ ያወጣል። ልዩነቱ ካልተጻፈ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

ያልመረመራችሁትን ብረት «ወርቅ» ብላችሁ አትፈርሙ። «ቢጫ ብረት፣ ክብደት ይህን ያህል» በቂ ነው። ለምን እንደተቀበላችሁ፣ እስከ መቼ፣ ለሦስተኛ ሰው ማሳለፍ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ቢጠፋ የምትስማሙበት ዋጋ ስንት እንደሆነና ኢንሹራንሱ በማን በኩል እንደሆነ እዚያው ይስፈር። የቤት ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ለሳንቲም ዝቅተኛ ጣሪያ አለው፣ ውሉን አንብቡ። በፖስታ የመጣ ከሆነ ጥቅሉ ሳይከፈት ይመዘን፤ ሲከፈትም ሳይቋረጥ በቪዲዮ ይቀረጽ።

ማጽዳት የለም። ባለቤቱ ቢለምናችሁም የለም። የተፈተገ ሳንቲም ዋጋው አይመለስም፣ ወቀሳው ደግሞ ለእናንተ ይቀራል። ፒቪሲ ያለበት ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣል፤ በዚያ ውስጥ ከመጣ መዝግቡና ባለቤቱን ሳትጠይቁ አታውጡ። የጓንት ነገር አከራካሪ ነው። አንዳንዱ የጥጥ ጓንት ያዳልጣል፣ የታጠበና የደረቀ እጅ ይሻላል ይላል፤ ሌላው ናይትራይል የሚባለው የስስ ጎማ ጓንት ካልሆነ ይላል። በጠርዙ መያዝ ላይ ግን ሁሉም ይስማማል።

ገምጋሚ የገመተውን ራሱ መግዛት የለበትም። ይህን የሚጥስ አለ፣ የሙያውን ስም የሚያጠፋውም እሱ ነው። ባለቤቱ ለእናንተ መሸጥ ከፈለገ ሳንቲሙን ለሌላ ገምጋሚ ያሳይ፤ ማሳየቱም ይጻፍ።

ሲመለስ እንደ አመጣጡ ነው፦ ፎቶው ተመሳክሮ፣ ተመዝኖ፣ «ተረክቤያለሁ» ተብሎ ተፈርሞ። ለወንድም ወይም ለሹፌር አይሰጥም፤ ባለቤቱ በጽሑፍ የወከለው ካልሆነ። ባለቤቱ ከሞተና ወራሾቹ በየፊናቸው ከመጡ ለማንም አትስጡ። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እስኪመጣ እሽጉ ባለበት ይቆይ፤ ፎቶና ዝርዝሩን ግን ለሁሉም እኩል ማሳየት ይቻላል።