ከፍሊት እስከ ባለባርኔጣው ድመት፦ የዶክተር ሱስ የሙያ ሕይወት

ቤት ውስጥ በረሮ ሲበዛ «ፍሊት ይነፋ» እንላለን። ጣሳው ላይ የተጻፈው ሌላ ስም ቢሆንም ለእኛ ያው ፍሊት ነው። ቃሉ የመጣው በዚህ ስም ይሸጥ ከነበረ የአሜሪካ ፀረ ተባይ ነው። ያንን ምርት በአስቂኝ ሥዕሎች ለ17 ዓመታት ያስተዋወቀው ሰው ደግሞ ኋላ ላይ ልጆች ዶክተር ሱስ ብለው ያወቁት ገጣሚ፣ ደራሲና ሠዓሊ ነው።

ሙሉ ስሙ ቴዎዶር ሱስ ጋይዘል ይባላል። እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1904 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) «ሱስ» የእናቱ ቤተሰብ ስም ነው። የጀርመን ዝርያ ያላቸው ዘመዶቹ «ዞይስ» እያሉ ይጠሩት ነበር፤ አሜሪካኖቹ ሱስ አሉት፣ በዚያው ቀረ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ምን እንደሚሆን እያያችሁት ነው። አንዱን መጽሐፍ በአንድ ማታ አምስት ጊዜ ያነበበ ወላጅ ግን ስሙ ተገቢ ነው ሳይል አይቀርም።

ቤተሰቡ ቢራ ጠማቂ ነበር። በ1920 አሜሪካ አልኮል ስትከለክል ሥራው ተዘጋ። አባቱ በኋላ የከተማዋን ፓርኮች ማስተዳደር ያዙ፤ ፓርኩ ውስጥ ደግሞ መካነ እንስሳት ነበር። ልጁ የእንስሳት ሥዕል የለመደው እዚያ ነው። እናቱ በወጣትነቷ በአባቷ ዳቦ ቤት ትሠራ ነበርና፣ ልጆቿን ስታስተኛ የፓይ ዓይነቶችን በዜማ ትጠራላቸው ነበር። የፓይ እሹሩሩ በሉት። ጋይዘል የግጥም ምት ጆሮዬ ውስጥ ያስገባችው እሷ ናት ይል ነበር።

ሥዕል በወጉ አልተማረም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ አንድ የሥዕል ክፍል ገባ። ሥዕሉን ገልብጦ ሚዛኑን ሲያይ መምህሯ «መገልበጥ ክልክል ነው» አለችው። ትቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። መጽሐፎቹን ያየ ሰው የገልባጭ እጅ መሆኑን ያውቃል። ቤቶቹ ይንጋደዳሉ፣ ደረጃዎቹ የትም አያደርሱም፣ ዛፎቹ የተበጠረ ጸጉር ይመስላሉ።

የዚህን ሰው ሙያ ስከታተል የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። አጥር ባጠሩበት ቁጥር አንድ ነገር ያገኛል። ዳርትመዝ ኮሌጅ ሲማር የተማሪዎቹ የቀልድ መጽሔት አዘጋጅ ነበር። አልኮል በተከለከለበት ዘመን ከጓደኞቹ ጋር ጂን ሲጠጣ ተያዘና ከመጽሔቱ ታገደ። እሱም ሥራውን በመካከለኛ ስሙ፣ «ሱስ» ብሎ እየፈረመ ማውጣቱን ቀጠለ። «ዶክተር»ን በኋላ የጨመረው ራሱ ነው። ኦክስፎርድ ሄዶ በሥነ ጽሑፍ ዶክትሬት ሊሠራ አስቦ ነበር፤ አልጨረሰም። እዚያ ሔለን ፓልመር የምትባል አሜሪካዊት ተማሪ የማስታወሻ ደብተሩን አየች። ከማስታወሻው ይልቅ ሥዕሉ ይበዛል፤ አንዲት የምትበር ላምም አለችበት። «አንተ መሳል እንጂ ሌላ ምን ትሠራለህ?» ዓይነት ነገር አለችው። በ1927 ተጋቡ።

ፍሊት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአንድ የቀልድ መጽሔት ላይ የምርቱን ስም የጠራ ካርቱን አወጣ፤ ማስታወቂያ ሠሪዎቹ አዩትና ቀጠሩት። «ቶሎ፣ ሄንሪ፣ ፍሊቱን!» የሚለው ጥሪ በአሜሪካ የአደባባይ ቀልድ ሆነ። ገንዘቡ ጥሩ ነበር፤ ውሉ ግን ብዙ ዓይነት የውጭ ሥራ ይከለክላል። የልጆች መጽሐፍ ከክልከላው ውጭ ነበር። ጋይዘል ለዚህ ሥራ ያበቃኝ ለልጆች ያለኝ ፍቅር ነው ብሎ አያውቅም፤ ውሉ ስላልከለከለኝ ነው ይል ነበር። የራሱ የአብራክ ልጅም አልነበረውም።

በ1936 ከአውሮፓ በመርከብ ሲመለስ የሞተሩ ድምፅ ጭንቅላቱ ውስጥ ቀረ። ሁለት ለስላሳ፣ አንድ ጠንካራ፦ ተተታ፣ ተተታ፣ ተተታ፣ ተተታ። በዚያ ምት አንድ ታሪክ ጻፈ። ማርኮ የሚባል ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በመልበሪ ጎዳና ላይ ያየው አንድ ፈረስና አንድ ጋሪ ብቻ ነው። እየሄደ ሲያስብ ፈረሱ የሜዳ አህያ ይሆናል፣ ከዚያ ዝሆን ይመጣል፣ ከዚያ ሰልፍ፣ ከዚያ ሙዚቀኛ። ከ20 በላይ አሳታሚዎች አንፈልግም አሉት። ተስፋ ቆርጦ ኒው ዮርክ ማዲሰን ጎዳና ላይ ሲሄድ አንድ የኮሌጅ ጓደኛውን አገኘ። ሰውዬው በዚያው ቀን በአንድ ማተሚያ ቤት የልጆች መጻሕፍት አዘጋጅ ሆኖ ነበር። መጽሐፉ በ1937 ታተመ። ጋይዘል ሲቀልድ፣ በሌላኛው የመንገድ ዳር ሄጄ ቢሆን ዛሬ ላውንደሪ ቤት ነበር የምሠራው ይል ነበር።

በጦርነቱ ዘመን ፒኤም ለተባለው የኒው ዮርክ ጋዜጣ ከ400 በላይ የፖለቲካ ካርቱኖች ሣለ። ሂትለርን አብጠለጠለ፣ ዘረኝነትን አወገዘ። ጃፓናውያንንና የጃፓን ዝርያ ያላቸውን አሜሪካውያን ግን እንደ አንድ የከሃዲ መንጋ ሣላቸው። እነዚያን ሥዕሎች ዛሬ ማየት ያሳፍራል። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1953፣ ጃፓንን ጎበኘ። በዓመቱ የወጣው የሆርተን ታሪክ፣ ማለትም አቧራ ቅንጣት ላይ የሚኖሩትን ትንንሽ ሰዎች ድምፅ የሚሰማው ዝሆን ነገር፣ ለአንድ የኪዮቶ ፕሮፌሰር የተበረከተ ነው።

ዋናው አጥር የመጣው በ1954 ነው። ጆን ሄርሲ የተባለው ደራሲ ላይፍ መጽሔት ላይ፣ የአሜሪካ ልጆች ማንበብ የሚያቅታቸው መማሪያዎቹ አሰልቺ ስለሆኑ ነው ብሎ ጻፈ። አንድ የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚ ጋይዘልን ጠራና የቃላት ዝርዝር ሰጠው፤ በእነዚህ ብቻ ልጅ የማይለቀው መጽሐፍ ጻፍልኝ አለው። ጋይዘል ዝርዝሩን ይዞ ለወራት ተብከነከነ። በመጨረሻ ቤት የሚመቱ ሁለት ቃላት ልፈልግና እነሱ ርዕስ ይሁኑ አለ። በእንግሊዝኛ «ድመት» እና «ባርኔጣ» ቤት ይመታሉ።

ባለባርኔጣው ድመት በ1957 ወጣ። ዝናብ ነው፤ ሁለት ልጆች መስኮት ላይ ተቀምጠዋል፣ እናታቸው የለችም። ቀይና ነጭ መስመር ያለው ረጅም ባርኔጣ ያደረገ ድመት ይገባል። ኳስ ላይ ወጥቶ ብርጭቆ፣ መጽሐፍ፣ ጃንጥላ፣ ዓሣ ያለበት ሳህን ሁሉ ተሸክሞ ይጫወታል፤ ከዚያ ሁሉም ይወድቃል። ዓሣው ብቻ እንደ ቤት ጠባቂ አክስት ይቆጣል። ይህ ሁሉ በ236 የተለያዩ ቃላት ነው።

ከዚያ ቤኔት ሰርፍ የተባለው አሳታሚው በ50 ቃል መጽሐፍ አትጽፍም ብሎ በ50 ዶላር ተወራረደው። የአረንጓዴው እንቁላል መጽሐፍ በ1960 ወጣ፤ ልክ 50 ቃል። ከአንዱ በቀር ሁሉም ባለ አንድ ክፍለ ቃል ናቸው። ጋይዘል ኋላ ሲያወራ ሰርፍ ብሩን አልከፈለኝም ይል ነበር። ይህን በአማርኛ ልድገመው የሚል ጉዱ ይፈላል። «አልበላም» አንድ ቃል ነው፤ «አልበላውም» ሌላ፣ «አልበላቸውም» ሌላ። ግሳችን ብቻውን 50ውን ይጨርሰዋል። ምቱም ያስቸግራል። የእኛ የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ቆጥሮ መሃል ላይ ትንፋሽ ይወስዳል፤ የሱስ ግጥም ደግሞ እንደ ፈረስ ግልቢያ ነው፣ ትንፋሽ አይሰጥም።

ከዚያ በኋላ መጽሐፎቹ በረከቱ፤ ጠቅላላ ቁጥራቸው ከ60 ያልፋል። ራሷም የልጆች ደራሲ የነበረችው ሔለን በ1967 አረፈች፤ በዓመቱ ኦድሪን አገባ። ሎራክስ፣ ለዛፎች የሚናገረው ባለ ጢም ፍጡር፣ በ1971 መጣ። አብዛኛውን የጻፈው ኬንያ ሆኖ ዝሆኖች ሲያልፉ ባየበት አንድ ከሰዓት ነው። በ1984 ደግሞ ዳቦ ላይ ቅቤ ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚቀባው በሚል የተጣሉ ሁለት ሕዝቦችን ታሪክ አወጣ፤ ነገሩ የኒውክሌር መሣሪያ ፉክክር ነው። በዚያው ዓመት ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ካሊፎርኒያ፣ ላ ሆያ በሚገኘው ቤቱ በሴፕቴምበር 24 ቀን 1991 አረፈ።

በ2021 ሥራዎቹን የሚያስተዳድረው ድርጅት ስድስት መጻሕፍቱ እንዳይታተሙ ወሰነ። የማርኮ ታሪክም አለበት። አፍሪካውያንንና እስያውያንን የሚያዋርዱ ሥዕሎች ስላሉባቸው ነው። በተለይ የ1950ውን የመካነ እንስሳት መጽሐፍ ያየ አፍሪካዊ ወላጅ ውሳኔውን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንዳንዱ ቅርስ ጠፋ ብሎ ጮኸ፤ የተቀሩት መጻሕፍት ግን ዛሬም ይሸጣሉ።

ድርጅቱ ውሳኔውን የነገረን በልደቱ ቀን፣ ማርች 2 ነበር። በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች የንባብ ቀን የሚያከብሩትም ያኔ ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ማለት ነው። ጋይዘል የተወለደው የካቲት 23 ቀን 1896 ዓ.ም.፣ ከአድዋ ድል ልክ በስምንተኛው ዓመት ነው። እናም በዚያ አገር ያለ የሐበሻ ልጅ ጠዋት ባለ ቀይና ነጭ መስመር የወረቀት ባርኔጣ አድርጎ ትምህርት ቤት ውሎ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ አባቱ የምኒልክን ፎቶ ስልኩ ላይ ለጥፎ ቢያገኘው አይግረመው።