በወሎ ገጠር የባዮጋዝ ማብላያና የቆሻሻ ቦታ ውሳኔ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በወሎ ገጠር አንድ አርሶ አደር ጓሮው ውስጥ የባዮጋዝ ጉድጓድ (ማብላያ፦ እበትን አብላልቶ ለማብሰያ የሚሆን ጋዝ የሚያወጣ) ለመቆፈር የግንባታ ፈቃድ ፍለጋ ደጅ አይጠናም። መሪ ፕላንና የግንባታ ፈቃድ የከተማ ነገር ነው። የገጠሩ ውሳኔ የሚያልፈው በሌላ በር ነው፦ ቀበሌው ማንን መዘገበ፣ ወረዳው ስንት የማብላያ ኮታ ደረሰው፣ ብድሩ ለማን ተፈቀደ፣ የይዞታ ደብተሩስ በማን ስም ነው። ይህ ጽሑፍ በይበልጥ ደቡብና ሰሜን ወሎን ይመለከታል፤ ዋግ ኽምራና የከሚሴው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በቀድሞው የክፍለ ሀገር አጠራር ወሎ ቢሆኑም እዚህ በስም ብቻ ይጠቀሳሉ።

ኩበትና ማሳ

ደላንታ፣ ለጋምቦና መቅደላን በመሳሰሉት ደጋማ ወረዳዎች ዛፍ ስለተመናመነ እበት ይጠፈጠፋል፤ በድንጋይ ካብ ላይ ደርቆ ኩበት ይሆናል፤ ከምድጃ የተረፈው ገበያ ይወጣል። ለማሳ መዋል የነበረበት ፍግ በዚህ መንገድ ጭስ ሆኖ ያልቃል። ወረድ ሲባል፣ በቃሉ፣ በሐብሩና በቆቦ፣ እንጨትና የማሽላ አገዳ አለ፤ አገዳውን ግን ከብቱም ምድጃውም ይፈልጉታል። የግብርና ባለሙያዎች ኩበትን እንደ ብክነት ቢቆጥሩትም በደጋ ብርድ ሌላ ማገዶ ለሌላት እናት ይህ ትችት ብዙም አይገባትም፤ እውነትም አላት።

የባዮጋዝ ዘመን

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ማብላያ በ1950 ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት እንደተሠራ ይነገራል። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ጥቂት ተሠርቶ ከፊሉ ሥራ አቆመ።

ሥራው መልክ የያዘው በ2001 በተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ነው። አማራ ፕሮግራሙ ከተጀመረባቸው አራት ክልሎች አንዱ ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ በአገር አቀፍ ደረጃ 14,000 ማብላያ ለመገንባት ታቅዶ ከ8,000 በላይ ተገነባ። ቁጥሩን «አልተሳካም» ብለው የሚያነሱ አሉ፤ ሲሚንቶ በጠፋበትና ዋጋው በየጊዜው በናረበት ወቅት የወረዳ ባለሙያዎች ቀበሌ ለቀበሌ በእግራቸው ዞረው ያመጡት ውጤት መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። ከዚያ በኋላ በ2009 የተጀመረው ምዕራፍ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ዕቅዱን ወደ 36,000 አሳድጎ ሌሎች ክልሎችንም ጨመረ።

የሚሠራው ማብላያ «ስንዱ» ይባላል፤ ስሙ የተሰናዳ ማለት ነው፤ ዲዛይኑ ከኔፓል ተወስዶ ለአገራችን እንዲስማማ ተሻሽሏል። ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ ጉልላት ሲሆን መጠኑ ከ4 እስከ 10 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ለአንድ ባልዲ እበት አንድ ባልዲ ውሃ ይበጠበጣል፤ ትንሹ ማብላያ እንኳ በቀን ቢያንስ 20 ኪሎ እበት ይፈልጋል። ጋዙ በቧንቧ ወደ ማዕድ ቤት ሲሄድ ዝቃጩ፣ ባለሙያዎች ባዮስለሪ የሚሉት፣ ወደ ማሳ ይመለሳል። ኩበት ሆኖ ቢነድ ኖሮ ማሳው ይህን አያገኝም ነበር።

ቀበሌው የሚወስነው

መስፈርቱ ሲነገር ቀላል ነው፦ አራት ገደማ ከብት፣ ቅርብ ውሃ፣ የወጪ ድርሻውን የሚከፍል ቤተሰብ። ቦታው ለበረትና ለማዕድ ቤት የቀረበ፣ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 10 ሜትር የራቀ እንዲሆን ይመከራል። የእርሻ ይዞታ በብዛት ከአንድ ሄክታር በታች በሆነበት አገር አራት ከብት ማለት ግን የቀበሌውን የተሻለ ኑሮ ያለው ቤት መምረጥ ማለት ነው። ማንም «ተከልክለሃል» አይባልም፤ ስሙ ዝርዝሩ ላይ አይወጣም፣ በቃ።

ብድሩ በአብዛኛው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (በኋላ ፀደይ ባንክ) በኩል ያልፍ ነበር። የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴው፣ በነዋሪው የሚመረጠው፣ ይዞታው ክርክር እንደሌለበት ያያል። መሠረቱ የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ 133/1998 ሲሆን በኋላ በአዋጅ 252/2009 ተተክቷል። የጋራ ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል፤ ስለዚህ ሚስት የማትስማማበት ጉድጓድ በሕግ ዓይን ቀላል ነገር አይደለም። በተግባር ስብሰባው ላይ የሚናገረው ባል ነው፤ ውሃ የምትቀዳውና እበት የምትበጠብጠው ግን ሚስት ናት።

ዝቃጩ ወደ ጎረቤት ማሳ ቢፈስ ወይም ሽታው ቢያስቸግር ጉዳዩ መጀመሪያ የሚደርሰው ለአገር ሽማግሌ ነው፤ በደቡብ ወሎ አባጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች በዕርቅ ረገድ ያላቸው ክብር የታወቀ ነው። መጸዳጃ ቤትን ከማብላያው ጋር ማገናኘት በመመሪያ ቢበረታታም በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ቅሬታ ያስነሳል። «በዚያ እሳት የበሰለ ወጥ አልበላም» የሚል ሰው በመረጃ ብቻ አይረታም።

ሌላው ቅሬታ እንጀራ ነው። የባዮጋዝ ምድጃ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ያፈላል፣ መብራትም ይሰጣል፤ ምጣዱን ግን ለረጅም ጊዜ አልቻለም። የቤቱ ማገዶ ትልቁ ድርሻ የሚሄደው እንጀራ ላይ በመሆኑ ኩበቱ ከቤት አልወጣም። የባዮጋዝ ምጣድ ከጊዜ በኋላ ቢሠራም ብዙ ቤት ገብቷል ለማለት ያስቸግራል። ብርድም አለ፦ ጋዙን የሚያወጡት ረቂቅ ተሕዋስያን የሚወዱት 35 ዲግሪ አካባቢ ያለ ሙቀት ስለሆነ ቃሉ ላይ የሚሠራው ማብላያ ለጋምቦ ላይ ያንቀላፋል።

ቆሻሻና ከተማ

የቤተሰብ ማብላያ በተግባር የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አይጠየቅበትም። የከተማ ቆሻሻ ወደ ገበሬ መሬት ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ 513/1999፣ በ2017 በአዲስ አዋጅ እስኪተካ ድረስ፣ የማስወገጃ ቦታ ግምገማ እንዲያልፍ ያዝዝ ነበር፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 የሕዝብ አስተያየት እንዲሰማ ይደነግጋል። መሬቱ ሲወሰድ ካሳ በአዋጅ 1161/2011 ይሰላል። በኮምቦልቻ በኩል ጉዳዩ ፈሳሽ ቆሻሻን ይጨምራል፤ የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ቦርከና ገባሮች እንደሚገባ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ከታች ደግሞ ወንዙን ለመስኖ የሚጠቀም ገበሬ አለ።

ከጦርነቱ ወዲህ

ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን ወሎ መብራት ለወራት ሲጠፋ ትናንሽ የሶላር መብራቶች ለብዙ ቤት ብርሃን ሆነዋል። ማብላያ ያለው ቤት በተመሳሳይ ወቅት ጋዙን ማግኘት የቻለው ከብቱ እስካለ ድረስ ነበር። በድርቅም ሆነ በጦርነት በሬና ላም የሸጠ ወይም ያጣ ቤተሰብ ጉልላቱ ሳይሰነጠቅ ወደ ኩበት ተመልሷል፤ በወረዳው ዝርዝር ውስጥ ያ ማብላያ አሁንም «የተገነባ» ተብሎ ይቆጠራል።