የልጅ የእድገት ግምገማ ምንድን ነው?

«ኤም-ቻት ሙይ፣ ፖዘቲቭ ከወጣ ልጅሽ ኦቲዝም አለበት።» ይህን ምክር ሰሞኑን ደግሜ አየሁት። በቅንነት የተሰጠ ነው። ግን ስህተት ነው፣ እናትየዋንም ያለ እንቅልፍ ያሳድራታል።

ኤም-ቻት ወላጅ የሚሞላው፣ 20 ጥያቄዎች ያሉት የኦቲዝም ማጣሪያ ቅጽ ነው። የተዘጋጀው ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት ስለሆነ ለአምስት ዓመት ልጅ ሞልቶ መደንገጥ ትርጉም የለውም። ነጥቡ ከ3 እስከ 7 ከሆነ ገና ተጨማሪ ቃለ መጠይቅ ይቀራል። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ ወደ ግምገማ ይላካል። ወደ ግምገማ ነው ያልኩት።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሐረጎ ላይ ትራፊክ አስቆማችሁ እንበል። አስቆመ ማለት ፍሬኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ጎማ ፈትቶ፣ ከሥር ገብቶ የሚያየው ጋራዡ ነው። «እለፍ» የተባለ መኪናም ሁሉ ደህና አይደለም፣ ጠመዝማዛው መሃል ሲደርስ ፍሬኑ እምቢ ሊል ይችላል። ስለዚህ ነጥቡ ዝቅ ብሎም ልባችሁ አላርፍ ካለ፣ ትራፊክ እስኪያስቆማችሁ አትጠብቁ፣ ጋራዥ ግቡ።

ጋራዡ ውስጥ፣ ማለትም ግምገማው ላይ፣ ምን ይደረጋል? ኦቲዝምን የሚለይ የደም ምርመራ የለም። «ኤምአርአዩ ንጹህ ነው፣ ምንም የለበትም» ማለትም አያስኬድም። ባለሙያው ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ከልጁ ጋር ይጫወታል። ባዶ ስኒ ሲሰጠው ቡና እንደሚጠጣ ያስመስላል ወይስ ስኒውን ብቻ ያሽከረክራል? ባጃጅ ሲያልፍ በጣቱ ጠቁሞ፣ አይታው እንደሆነ ለማወቅ ወደ እናቱ ፊት ዞር ይላል? ወይስ የሚፈልገው ነገር ሲኖር ብቻ እጇን ጎትቶ ዕቃው ላይ ያስቀምጣል? ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ምንም አይወስንም። ከእርግዝናው ጀምሮ ያለው ታሪክ ተጠይቆ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚታየው።

ሥራዬ ንግግርና ቋንቋ ስለሆነ ይህን ሳልል አላልፍም፦ የጆሮ ምርመራ ይቅደም። «የቲቪ ማስታወቂያ ሲሰማ ይሮጣል» አይበቃም። ከፊል የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ከበሮውን እየሰማ «ስ» እና «ፍ» ሊያመልጡት ይችላሉ። ቤት ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ መነገሩም ኦቲዝም አያመጣም፤ አንዱን ቋንቋ አቁሙ የሚላችሁን አትስሙ።

ታዲያ ቅጹ ከንቱ ነው? በጭራሽ! በ2014 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ላይ፣ በሁለቱም ደረጃ፣ በቅጹም በተጨማሪ ቃለ መጠይቁም፣ ፖዘቲቭ ከወጡት ሕፃናት ኦቲዝም የተገኘባቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው፣ ነገር ግን ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ አንድ ዓይነት የእድገት ስጋት ነበረባቸው። ቁጥሩ የወሎ አይደለም፣ እንደወረደ እዚህ አይሠራም። ሆኖም «ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ቅጹን መጣልም ልጁን ይጎዳዋል።

ከሕፃናት ሐኪም ጀምሩ። ልጁ ቤት ሲጫወት፣ ሲበላና ሲያለቅስ በስልካችሁ ቀርጻችሁ ያዙ፣ ምክንያቱም እንግዳ ክፍል ውስጥ ጭጭ ይላል፤ አዲስ አበባ ከተላካችሁ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ የምታገኙት አንድ ቀጠሮ ብቻ ሊሆን ይችላል። የንግግር ድጋፉን ለመጀመር ግን የግምገማው ውጤት እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም።