መዋቅራዊ ፕላን ምንድን ነው? ደሴና ኮምቦልቻ ዳር ቤት ለሚፈልጉ

«ማስተር ፕላኑ አይነካውም፤ እኔን ይመኑኝ!» ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ዳር ቤት ሲፈልግ የከረመ ሰው ይህን ከደላላ አፍ ሳይሰማ አይቀርም። ደላላው ፕላኑን በዓይኑ አይቶት ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው።

መዋቅራዊ ፕላን፣ ደላላው ማስተር ፕላን የሚለው፣ የአንድ ከተማ የወደፊት መልክ በካርታና በጽሑፍ የሚቀመጥበት ሕጋዊ ሰነድ ነው። ከተማው እስከ የት ይሰፋል? በየትኛው አቅጣጫ? የቱ ቦታ ለመኖሪያ፣ የቱ ለንግድ፣ የቱ ለፋብሪካ ይውላል? ዋና ዋና መንገዶች በየት ያልፋሉ? የቱ ሳይገነባበት አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል? እነዚህን ይወስናል። መነሻው በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ነው። አዋጁ ለአንድ መዋቅራዊ ፕላን የሰጠው ዕድሜ 10 ዓመት ነው። ስለዚህ ፕላኑ መቼ እንደጸደቀ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዘጠነኛ ዓመቱ ላይ ከሆነ፣ ቦታው ለምን እንደሚውል ለማሳየት ፕላኑ ላይ ዛሬ ያዩት ቀለም ነገ ሊቀየር ይችላል።

ከሱ በታች የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባል አለ። ይኼኛው ወደ ሰፈር ይወርዳል። የውስጥ መንገዱን ስፋት፣ የቤቱን ዓይነት፣ የሕንፃውን ከፍታ ይነግርዎታል። ግቢው ውስጥ ፎቅ ለመጨመር ያሰበ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ነው።

«ካርታ እያለው ምን ያስፈራል?» የሚል ብዙ ነው። ካርታ ባለይዞታው ማን እንደሆነ፣ ቦታው ስንት ካሬ እንደሆነና ለምን አገልግሎት እንደተሰጠ ይናገራል። ከዓመታት በኋላ በሳሎኑ በኩል ሰፊ አስፋልት ታስቦ እንደሆነ ግን እዚያ ላይ ላያገኙት ይችላሉ። ያን የሚያውቀው ፕላኑ ነው። በእርግጥ ሕጋዊ ይዞታ ያለው ሰው መንገድ ቢወስድበት በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1161 መሠረት ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። ጨረቃ ቤት የገዛ ሰው ግን ይህን መብት ይዞ አይቆምም።

ከተማው ወደ ገጠር ቀበሌ በሚገባበት ጫፍ ላይ ጣጣው ይብሳል። እዚያ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የአርሶ አደር ማሳ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሦስት ሽማግሌ ፈርመውበት፣ ቡና ተፈልቶበት፣ ተመርቆም ቢሆን እንዲህ ያለ ውል ፍርድ ቤት ሲደርስ አይጸናም። «ፕላን ውስጥ ገብቷል» የሚለው ማባበያም አያታልልዎ። አንድ ማሳ ፕላኑ ላይ የመኖሪያ ቀለም ስለተቀባ የቤት ቦታ አይሆንም። መጀመሪያ ለገበሬው ካሳ ተከፍሎ ወደ ከተማው አስተዳደር ይገባል፤ ከዚያ በሊዝ ይተላለፋል። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ያስቀመጠው ጣሪያ 99 ዓመት ነው።

ታዲያ ፕላኑን እንዴት ያዩታል? ከሻጩ የሳይት ፕላኑን (የቦታውን አቀማመጥና ወሰን የሚያሳየውን ንድፍ) ኮፒ ይቀበሉና ወደ ከተማው የፕላን ክፍል ይሂዱ። ቦታው በየትኛው ምድብ እንዳለ፣ ፊት ለፊቱ ያለው መንገድ በፕላኑ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ ይጠይቁ። በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል፤ በቃል የተነገረ ነገር ባለሙያው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ለማስፋፋት ካሰቡ ደግሞ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ራሱ የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ቦታው ላይ በፕላኑ መሠረት ምን መገንባት እንደሚቻል የሚገልጽ ወረቀት፣ እንዲያወጣ ይጠይቁት። ለግንባታ ፈቃድ መነሻው እሱ ነው። እምቢ ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

በስልክዎ ለማረጋገጥ የሚሞክሩ ከሆነ አንድ ወጥመድ ልንገርዎ። በብዙ የይዞታ ካርታዎች ላይ ያሉት፣ ቦታው የት እንደሆነ የሚጠቁሙት የኤክስና የዋይ ቁጥሮች አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ የተሠሩ ናቸው። ጉግል ማፕና የስልክ ጂፒኤስ የሚሠሩት በሌላ መነሻ፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ቁጥሩን ሳይቀይሩ ቢያስገቡት ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሽብዎታል። በዚህ ምክንያት ደህናውን ቦታ «ወንዝ ውስጥ ነው» ብሎ የሚተው፣ ወንዝ ዳር ያለውንም «መሀል ሰፈር ነው» ብሎ የሚገዛ አይጠፋም። ቀያሽ ይዘው ቢሄዱ ችካሉን እዚያው መሬት ላይ ያሳይዎታል።

ፕላኑ ጥሩ ቢልም ግን መሬቱን ራሱን ማየት ግድ ነው። በተለይ ደሴ። ከተማዋ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተሸጉጣለች። ሜዳው ቀድሞ ተይዟል። የሚቀረው ተዳፋቱ ነው። ተዳፋቱ ብዙ ቦታ ላይ ከላይ ተንከባሎ የተከመረ ልል አፈርና ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ የበሰበሰ ጥቁር ድንጋይ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃ ሲሰርግበት አፈሩ ይከብዳል፣ መያዣውም ይላላል። በዚህ ላይ የታችኛው ጎረቤት ለቤቱ ቦታ ብሎ ግርጌውን በዶዘር ከቆረጠው የላይኛው ይንሸራተታል። ደሴ የመሬት መንሸራተትን ዛሬ አይደለም ያወቀችው።

ምልክቱን ማንም ሊያየው ይችላል። ያዘመመ የመብራት ምሰሶ፣ ከሥሩ የጎበጠ ዛፍ፣ በግድግዳው ላይ ሰያፍ ሆኖ የወጣ ስንጥቅ፣ አልዘጋ ያለ በር፣ በበጋም የማይደርቅ ረግረግ። ትኩስ ቀለም የተቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ ካዩ ጠጋ ብለው ይዩት። ድጋፍ ግንብ ካለ የውሃ መውጫ ቀዳዳ እንዳለው ይመልከቱ፤ ውሃ የታቆረበት ግንብ ሆዱን ነፍቶ ይወድቃል። የላይኛው ቤት ሴፕቲክ ታንክ ወዴት እንደሚፈስም ይጠይቁ። የሰፈሩ እናቶች ከማንም በላይ ያውቃሉ። «እማማ፣ ክረምት ላይ ጎርፉ በየት ነው የሚወርደው?» ይበሉ፤ በጣት ያሳዩዎታል።

ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች ናት፤ 1,850 ሜትር አካባቢ። እዚያ የሚያሳስበው ቦርከና ነው። ከደሴ በኩል ያለውን ጎርፍ ሰብስቦ የሚመጣው ወደዚያ ነው። ጥቁር ዋልካ አፈር ከገጠመዎ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ጥልቀት የሌለው መሠረት አይችለውም። በ2009 የተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክና የአውሮፕላን ማረፊያው ያሉበትን አቅጣጫም ፕላኑ ላይ ማየት ነው። ለሥራ ቅርብ መሆኑ ጥሩ ሆኖ፣ የከባድ መኪናው መተላለፊያ በርዎ ላይ ከሆነ እንቅልፍ የለም።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሻጭ አያነሳም፣ ገዢም አይጠይቅም። የወሎ ምሥራቃዊ ጠርዝ ግን ከአፋር ስምጥ ሸለቆ ጋር የተያያዘ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከደሴ በስተደቡብ፣ በካራ ቆሬ አካባቢ በሬክተር ስኬል ከ6 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሶ ማጀቴን አፍርሷታል። ስለዚህ የብሎኬት ቤት ሲያዩ ኮለኑ (ቋሚ ምሰሶው) እና የላይ ማሰሪያው በብረት የታሰረ መሆኑን ከሠራው ግንበኛ፣ ፎቅ ከሆነ ደግሞ ከስትራክቸር ድሮዊንጉ (የብረትና የኮንክሪት ሥራውን ከሚያሳየው ንድፍ) ያረጋግጡ። የሚያሳይዎ ወረቀትም፣ የሚናገር ግንበኛም ከሌለ የግድግዳውን ውበት ይተዉትና ቤቱን እንደ አሮጌ ቤት ቆጥረው ይደራደሩ።